የአፈ ቅቤ ይግባኝ

ባልየውን የሰፈሩ ሰው «አፈ ቅቤ» ይለዋል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሊቀጣው አስቁሞት፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይሸኘዋል። ተረቱ «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁለተኛዋን ግማሽ ለምን እንደሚውጧት ግን እንጃ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ቀኝ ክንዷን ከሰበራት ወዲህ ሙሉውን ታውቀዋለች።

ተፈርዶበት ወህኒ ሲወርድ እናቱ ቤቷ ይመላለሱ ጀመር። ጄሶ ውስጥ ያለ እጅ መቀስ አይዝም፤ ልብሷን አጠቡላት፣ ምሳዋን ሠሩላት፣ አባበሏት። «ልጄ፣ አንድ ቀን ሰይጣን አሳሳተው። ዳኛው ጨክኖ ነው ቅጣቱን ያከበደው። ይግባኙ ላይ ‹ይቅር ብዬዋለሁ› በዪልኝና ቤቱ ይግባ።» እሷ እንደሆነ ምስክርነቷን ሰጥታ እያለቀሰች ስለወጣች፣ ፍርዱ ሲነበብ አልሰማችም። ደግሞ ምን ይደረግ፣ ናፍቋትም ነበር። እሺ አለች።

በቀጠሮው ቀን ተከላካይ ጠበቃው ገና ብድግ ከማለቱ አፈ ቅቤ እጁን አወጣ። ጠበቃው እጅጌውን ቢጎትተው አልሰማም፤ ትራፊክ ያልቻለውን ሰው ማን ይችለዋል?

«ክብርት ዳኛ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ደጋጋሚ ወንጀለኛ ተብዬ ቅጣቴ ከብዷል። ግፍ ነው! የፊተኛው ክስ እኮ በዚች ሚስቴ አይደለም፣ በበፊቷ ነው። ይቺን የመታኋት አንዴ ብቻ ነው። ታዲያ ምኑን ደገምኩት?»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሚስትየው አልሳቀችም። የበፊት ሚስት እንደነበረችው ታውቃለች፤ «ጠባያችን አልገጠመም» ብሎ ነበር የነገራት። ወደ አማቷ ዞር ብትል፣ አማቷ የቦርሳቸውን ዚፕ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ያውቁ ኖሯል። ከክንዷ ስብራት ይልቅ ይሄ አመማት።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የግል ተበዳይ፣ ይቅር ብለውታል ተብሏል። እውነት ነው?»

አማቷ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። ተነሣች።

«ክብርት ዳኛ፣ የፊተኛዋ በሕይወት አለች?»

ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ አደረጉና «አለች» አሉ።

«ይቅርታ ጠይቋታል?»

ሰዉ ሁሉ ወደ አፈ ቅቤ ዞረ። አሁን ደግሞ አፈ ቅቤ የጠበቃውን እጅጌ ጎተተ።

«እንግዲያው ከእሷ ይጀምር፣» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።»