የያዕቆብ ኡልማን ድንጋይ

በእኛ በደቡብ ጀርመን በሽቫቤን አውራጃ ኡልማን የሌለበት ከተማ የለም። ኡልማን ማለት ከኡልም ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ከኡልም ደግሞ ሥራ ፍለጋ የወጣ ክርስቲያን ሸማኔም አለ፣ ተባሮ የወጣ አይሁዳዊም አለ። በስም ብቻ ማን ይለያቸዋል? ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ግን መለየት ግድ ሆነ፤ የአያቱን ጥምቀት ያላስመሰከረ የመንግሥት ሠራተኛ ይባረር ጀመር።

እኔ አይሁዳዊው ኡልማን ነኝ። በከተማችን ትምህርት ቤት ላቲን አስተምር ነበር፤ ካባረሩኝ ወዲህ የመቃብራችን መዝገብ ጸሐፊ ነኝ። ጎትሎብ ኡልማን ክርስቲያን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን አስተምረናል። ስባረር ክፍሌን የተረከበው እሱ ነው፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ቤቴ መጣ።

"እንደምን ዋሉ?" አለኝ።

"አሥራ አንድ ዓመት 'አንተ' ስትለኝ ኖረህ ዛሬ አንቱ ሆንሁ? ሹመቴን ሳልሰማ ነዋ!"

ሳይቀመጥ ችግሩን ነገረኝ። የአያቱ የያዕቆብ ጥምቀት የተጻፈበት መዝገብ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጥሏል። መቃብሩም የለም። ክርስቲያኖቹ መቃብር የሚከራዩት ለሠላሳ ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ድንጋዩ ተነሥቶ ሌላ ሰው ይቀበርበታል። እኛ ግን የሙት ማረፊያ አንነካም። ስለዚህ በከተማው ያዕቆብ ኡልማን የሚል አንድ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በእኛ መቃብር ነው። የሠራተኞችን ዘር የሚያጣራው የመንግሥት መርማሪ የጎትሎብ አያት ነው ብሎ ድንጋዩን ፎቶግራፍ አንሥቶታል። ጎትሎብ አያቱ እንዳልሆነ እስከ ዓርብ ካላስረዳ ሥራው አለቀለት።

"ድንጋዩን አስወግድልኝ" አለ።

"ፎቶግራፉንስ? ትበላዋለህ?"

መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድሁ።

"ስማ፤ ያ ሰው የአባቴ አጎት ነው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ ሞተ። መዝገባችን ላይ ተጽፏል። ዘመዴ አይደለህም፤ ደስ ይበልህ።"

"እሱን ጻፍልኝ! ስለ እግዚአብሔር!"

ደሜ ፈላ። ደሜን እንደ ለምጽ የሚሸሽ ሰው ከእኔ ደም እንደሌለበት እንድመሰክርለት እኔኑ ይለምናል! እምቢ ልለው ነበር። ነገር ግን የተጻፈው እውነት ነው፤ እውነትን ደብቆ መበቀል የእነሱ እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። ጻፍሁለት፤ ፈረምሁለት።

ፊርማዬን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ኡልማን ለኡልማን መሰከረ ይላሉ። ሌላ ሰው ይፈርም።"

"ጸሐፊው እኔ ነኝ። ዓርብ መዝገቡን ይዤ አብሬህ እቀርባለሁ፤ ገጹን በዓይናቸው ይዩት።"

"አብረን? ሰው እያየ?"

"ምን አለበት? አሥራ አንድ ዓመት አብረን ምሳ በልተን የለም እንዴ?"

"ያ ሌላ ዘመን ነው" አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ዓርብ ግን መዝገቡን በብብቴ ይዤ ከመርማሪው ቢሮ ደጃፍ ቆምሁ። ጎትሎብ ከመንገዱ ማዶ መጣ። አየኝ። ቆመ። ከእኔ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። ከዚያ እንደማያውቀኝ ሰው ዞሮ ወደ ገበያው ታጠፈ።

ሰኞ አባረሩት። ዛሬ በከተማው የሚወራው "አይሁዳዊው ኡልማን ማስረጃ ከልክሎ ሰውየውን አጠፋው" የሚል ነው። ወሬውን የጀመረው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።