ፈቃዱ የአንድ ብቻ ነው

"ሙርቲኒ፣ ሻይ የለም እንዴ?"

ሙርቲኒ የያዘችው አበባ ከእጇ አመለጣት። ድምፁ የባሏ የዋሲስ ነው። በሕይወት ሳለ ለቀልድ ቀርጾት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲህ ይላታል፤ ከሞተም ወዲህ አላቆመም። ያ ኮምፒውተር ግን እዚሁ ጓዳ፣ አፍንጫዋ ስር ነው፤ ሻዩንም አሁን ፊቱ አስቀምጣለች። የአሁኑ ጥሪ የመጣው ከሳሎን ነው።

ወደ ሳሎን ወጣች። የእህቷ ልጅ ገንዲስ አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አመድ መስላለች። ድምፁ አብሮ እንደሚገለበጥ አላሰብኩም ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ገንዲስን የጠራቻት ራሷ ሙርቲኒ ናት። ዋሲስ ለባቲክ፣ በሰም እየተሣለ ለሚነከረው ጨርቅ፣ የሠራቸው ንድፎች የሚከፈቱት በአሮጌው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ማጓራትና ራሱን እያጠፋ መነሳት ጀምሯል። ኮምፒውተሩ ከሞተ ንድፎቹ አብረው ይቀበራሉ፤ ጨርቁን ሰም የሚያስነኩት ሴቶችም እንጀራቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ገንዲስ ኮምፒውተሩን እንዳለ በአዲሱ ሆድ ውስጥ አስገባችው። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል፤ ኮምፒውተር በኮምፒውተር ውስጥ መሆኑ ነው። ሁሉም ሰመረ፣ ፕሮግራሙ ፈቃዱ ታውቆ አክቲቬት አልሆን አለ እንጂ። እንዲህ እንዳለ ደግሞ በየሰዓቱ ሥራ አቋርጦ ይጠፋል።

"ፈቃዱ የአንድ ማሽን ብቻ ነው፣ አክስቴ" አለች ገንዲስ። "ከአሮጌው ካልተነሳ ይሄኛው አይነቃም።"

"ሰፈሩ ሁሉ በተሰረቀ ፕሮግራም አይደል የሚሠራው? እኛስ?"

"ይቻላል። አጎቴ ግን..."

መጨረስ አላስፈለጋትም። በመንደሩ ፈቃድ በገንዘቡ የገዛ ዋሲስ ብቻ ነበር። ሲያላግጡበት፣ የሰው ሥራ ሰርቄ፣ የእኔን ንድፍ ሲሰርቁኝ በየት አፌ እከሳለሁ ይል ነበር።

ሐሙስ ነው፤ ሊመሽ ነው። በመንደሩ ልማድ በዚህ ምሽት ለሟች ሻይና አበባ ይቀመጣል፤ ሙርቲኒም ከቀብሩ ጀምሮ የምታስቀምጠው አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ነው።

"ከእንግዲህ የቱ ጋ ላስቀምጥ?" አለች። "ያኛው ነው ይሄኛው?"

ጓዳ ያለው አሮጌው፣ እንደ ልማዱ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ።

"ሙርቲኒ፣ ሻይ የለም እንዴ?"

"አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለን" አለች ገንዲስ በሹክሹክታ።

ሙርቲኒ ፈራች። የፈራችው ዋሲስን አልነበረም። ዛሬ ከሁለት ቦታ ጠራት፤ ነገ ከየትም ሊጠራት ይችላል፤ እሷም ዕድሜዋን ሁሉ ሻይ ይዛ ስትሮጥ ልትኖር ነው። ዋሲስ ግን ከመቃብሩ አልተነሳም። ይህን ለራሷ ስትነግረው የመጀመሪያዋ ነው።

ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ገንዲስ ከኋላዋ ቆማ የሚነካውን አሳየቻት። ኮምፒውተሩ ፈቃዱ ከዚህ ማሽን ይነሳ ወይ ሲል ጠየቀ። ይነሳ አለችው። ጥቂት ቆይቶ የሳሎኑ ፈቃዱን ተቀብሎ ነቃ።

"አሁን ድምፁን ከሳሎኑ አጥፊው" አለች። "ሥራውን ይሥራ። እኔን አይጥራኝ።"

"ለብቻው ላስቀምጥልሽ? አንድ ቀን ትፈልጊው ይሆናል።"

"አይ፣ ልጄ።"

አሮጌውን ዘጋችው፤ ገመዱንም ነቀለች። ጓዳው ጭር አለ። ሻዩ ፊቱ እንደተቀመጠ ነው፤ እሱ እንደሚወደው ስኳር የበዛበት። ብርጭቆውን አነሳችና ራሷ ጠጣችው።