የአክስቴ ስለት የሰመረ ለት

ስልኬን ሽንፋ ወንዝ ውስጥ የጣለው ማን ነው? አህያችን ናት ወይስ ቅዱስ ሚካኤል? ሰው ከጠየቀኝ «አህያዋ ናት» እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይወጣልኝም።

ሃንጋሪ አገር ስድስት ዓመት ስለ አፈር ተምሬ ነው የተመለስሁት። ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አክስቴ መንበረ ቤት ገባሁ። ሥራዬ የሰሊጥ ገበሬዎችን አፈር መመርመር ነው። በየሰኞው ተመልሼ ልሄድ እወስናለሁ፤ ማክሰኞ እተወዋለሁ። ስሄድ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ ስመለስ አለማመኑም አቃተኝ። ከሁሉም የባሰው ግን የሚያወራኝ ሰው ማጣቴ ነው። የምሰማው ወሬ ሁሉ ሰሊጥ፣ ትራክተር፣ ዝናብ፣ እንደገና ሰሊጥ።

ስለዚህ ፌስቡክ ላይ «የቆላው ጠያቂ» የሚል ገጽ ከፈትሁ። ስሜን አልጻፍሁም፤ በፎቶ ፈንታም የጥያቄ ምልክት ለጠፍሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ደብራችን ሞንታርቦ ነበር። ለመቶ ሃያ ቤት አራት ሞንታርቦ ለምን አስፈለገ? አንዱ ለእኛ ይሁን፤ ሦስቱ ለሱዳን ነው? በሳምንቱ ስምንት ሺህ ሰው ተከተለኝ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ረገመኝ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ጋሽ ባህሩም መልስ ሰጡኝ፤ አምስተኛ ሞንታርቦ አስተከሉ።

ቀጥዬ ስለ መርጫው ጻፍሁ። ነሐሴ ላይ አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ መጥቶ፣ የሰሊጥ ትል አጠፋለሁ ብሎ፣ በጀርባ በሚታዘል የጸረ ተባይ መርጫ ጠበል ሞልቶ ማሳ ለማሳ ሲረጭ ዋለ። ትሉም አለቀ። «መርጫው ታጥቦ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ስድቡ እንደ ዶፍ ወረደብኝ። ከስድቡ መሃል ግን አንድ ሌላ ዓይነት መልስ አገኘሁ።

«አልታጠበም። ጠጋ ብዬ አሽትቻለሁ፣ ማላታዮን ማላታዮን ይሸታል። ሰውየው አጭበርባሪ ነው፤ ደብሩም አልላከውም። ግን ጠያቂ ሆይ፣ ትሉ ስለሞተልን ማንን እናመስግን? ማላታዮንን?»

የትናየት ነበረች፤ በገዛ ስሟ፣ በገዛ ፎቶዋ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ በሥራ ቀን ደግሞ የመንደሩ የሒሳብ አስተማሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ሲረግሙኝ እሷ ትከራከረኝ ጀመር። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴ አራት። ብዙውን ጊዜ ታሸንፈኛለች፤ እኔም ሽንፈቴን ላለማመን ሌላ ጥያቄ አነሳለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነህ ባየልኝ?» ትላለች፤ እኔም «ደህና» ብዬ አፈር አፈሩን እያየሁ አልፋለሁ። ጠያቂው እኔ መሆኔን አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ግርግር የምጓጓለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የየትናየት መልስ። ስምንት ሺሁ ተከታይ በአንድ ቀን ቢበተን ደንታ አልነበረኝም።

ጥቅምት አስራ ሁለት ቀን አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ተሳልሁ ባዬ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

«ለምን እትዬ? ለጉልበትዎ?»

«ጉልበቴስ ለምዶኛል። ለዚያ ጠያቂ ለሚሉት! እስከ ኅዳር ሚካኤል አፉን ብትዘጋልኝ ድባብ አስገባለሁ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ!»

«እርስዎን ደግሞ ምን አደረገዎት?»

«ስለ ዶሮዎቼ ጻፈ አሉ! ሞንታርቦው ሲጮህ እየደነገጡ እንቁላል ተዉ ብሎ። የእኔን ዶሮ ነገር በምን አወቀ? ሰይጣን ካልነገረው?»

የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ጤፍ እየለቀሙ።

የአክስቴ ስለት በመንደሩ መቀለጃ ነው። ለዝናብ ሲሳሉ ደመናው ወደ ሱዳን ይሻገራል። ለሟቹ ባላቸው ትራክተር ተስለው ሞተሩ በሳምንቱ ነከሰ። አንዴ ደግሞ አንዲት ጎረቤት በሰላም እንድትገላገል ቢሳሉላት፣ ለካ ሴትዮዋ እርጉዝ አልነበረችም። ጋሽ ባህሩ ባገኟቸው ቁጥር «መንበረ፣ አደራሽን ለእኔ ሰሊጥ እንዳትሳይልኝ» ይሏቸዋል። አክስቴም አብረው ይስቃሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን የተለቀመውን ጤፍ እንደገና ይለቅማሉ።

ኅዳር ሦስት ቀን ውሃ ልቀዳ አህያዋን ነድቼ ወንዝ ወረድሁ። በመንደራችን ኔትወርክ የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግቢና ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። የትናየት አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር፤ «ምን ዓይነት መልስ ብታገኝ ነው መጠየቅ የምታቆመው?» መልሴን ጽፌ፣ ሰርዤ፣ ደግሜ ጽፌ ልልክ ስል አህያዋ ዝንብ ነክሷት ተወራጨች፤ ጎኗ ላይ ያለው ጀሪካን ክርኔን መታኝ፤ ስልኬ ጥልቅ አለ።

ዘልዬ ገብቼ አወጣሁት። ቤት ስደርስ «ሩዝ ውስጥ ቢቀመጥ እርጥበቱን ይመጥለታል» አልሁ።

«ሰሊጥ ሞልቶ ተርፎ ሩዝ ፍለጋ?» አሉና አክስቴ ስልኬን ጆንያ ሙሉ ሰሊጥ ውስጥ ቀበሩት። ሦስት ቀን አቆይተው ሲያወጡት ሰሊጡ በቻርጀሩ ቀዳዳ፣ በድምፅ ማውጫው፣ በካሜራው ጥግ ሳይቀር ገብቶ ነበር።

መተማ ይዤው ሄድሁ። ድንበሩ አጠገብ ስልክ የምትጠግን ኢኽላስ የምትባል ሱዳናዊት አለች። በመርፌ አንድ አንድ ፍሬ እያወጣች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረችው።

«ይሄ ስልክ ነው ወይስ የሰሊጥ ሐላዋ?»

«ወንዝ ገብቶ ነው።»

«ወንዙ ምንም አላደረገው። የገደለው ሰሊጡ ነው፣ ወላሂ።» ዕቃው ከጎንደር እስኪመጣ ኅዳር አስራ አምስት ይሆናል አለችኝ። በሌላ ሰው ስልክ ገጼን ልክፈት ብል አልቻልሁም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ነበር።

መንደሩ የጠያቂውን ዝምታ ያስተዋለው በአምስተኛው ቀን ነው። ጋሽ ባህሩ ከዘራቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«ሰማህ ባየልኝ? ሰውየው ጸጥ አለ!»

«ምናልባት ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ጋሼ።»

«ወግድ! የተበላሸው እጁ ነው። እስከ ክርኑ ድረስ ደርቋል። ያየ ሰው አለ።»

«የት አይቶት?»

«ካናዳ ነዋ። አንተ የፈረንጅ አገር ታውቅ የለ? እንዲህ ያለው ሰው የሚቀመጠው የት ነው?»

«ካናዳ ነው» አልሁ።

«አላልሁም!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በደረቀው እጄ ጨበጥኋቸው።

ኅዳር አስራ ሁለት ቀን ታቦቱ ሲወጣ አክስቴ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ ድባብ ይዘው ከፊት ቆሙ። ጋሽ ባህሩ በአምስቱም ሞንታርቦ «የእህታችን የመንበረ ስለት ሰምሯል!» ሲሉ እልልታው ወንዝ ማዶ ድረስ ተሰማ። ተአምሩን በጽሑፍ አዘጋጅታ እንድታነብ የታዘዘችው የትናየት ነበረች። አነበበች፤ ግን የተማሪ ስም የምትጠራ ነበር የምትመስለው።

አክስቴ አለቀሱ። ከዚያ ሲስቁባቸው የኖሩት ሴቶች ከበቧቸው። «ለልጄ ይሳሉልኝ፣ ፈተና አለበት»፣ «ለእኔም ለወገቤ»፣ «እኔን ያስቀድሙኝ፣ ከኮኪት ነው የመጣሁ»።

የትናየት ከግርግሩ ወጥታ አጥሩ ጥግ እኔ አጠገብ ቆመች። ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም።

«ደስ አላለሽም እንዴ?» አልኋት።

«ለእትዬ መንበረ ደስ ብሎኛል።» ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለሰውየው መልስ እየጻፍሁ ነበር። በደብተር። አስራ አራት ገጽ ደርሷል። ለማንም አልነገርሁም። አሁን ለማን ልስጠው?»

«ለሌላ... ለሌላ ሰው።»

«ሌላው ሰው ይሳደባል እንጂ መች ይጠይቃል?» አለች። «አንተ ታነበው ነበር?»

«አልፎ አልፎ» አልሁና አፈሩን አየሁ።

ኅዳር አስራ አምስት ኢኽላስ ስልኬን አነቃችው። ጠረጴዛው ላይ እንደ አሮጌ ትራክተር ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሦስት ሺህ በላይ መልእክት።

«ምን አድርገህ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብዬ።»

እኔ ዝም ባልሁ ጊዜ ተከታዮቼ ዝም አላሉም። ከሁሉም አብልጦ የሚወደኝ አንዱአምላክ የሚባል የባሕር ዳር ልጅ «ጠያቂውን ገድለውታል» ብሎ አውጇል። በጥያቄ ምልክቴ ዙሪያ ብርሃን ስለውበታል። ከሥሩ ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ። አንዷ ስንኝ ጽፋልኛለች፤ ያስለቅሳል። የአርባዬ ቀንም ተቆርጧል። ከዚያ «ሞቷል» የሚሉትና «ታስሯል» የሚሉት ለሁለት ተከፍለው፣ በተአምር የማያምኑ ሰዎች «መናፍቅ» እየተባባሉ ይሰዳደባሉ።

ለአንዱአምላክ «አለሁ» ብዬ ጻፍሁለት።

«ማን ነህ?»

«ጠያቂው ነኝ። ስልኬ ወንዝ ገብቶ ነው።»

«አታፍርም? የሟች ገጽ ሰርቀህ! ጠያቂ ከሆንህ ጥያቄው የት አለ?»

መልስ ሳስብ ከጓደኝነት አስወጣኝ፣ መንገዱንም ዘጋብኝ። እንዲህ አድርጌ ከገዛ አማኞቼ ተባረርሁ።

በአይሱዙ ተጭኜ ስመለስ የምጽፈውን አሰናድቼ ነበር። በጀሪካን ስለ መመታቴ፣ በሰሊጥ ስለ መቀበሬ፣ ሁለቱም ወገን ስለ ፈጠረው ተረት። የሚያስቅ ጽሑፍ ነበር። የትናየትም ሳትስቅ አትቀርም፤ ከዚያ አስራ አራቱን ገጽ ታወርድብኛለች፤ እንደ ድሮው እንቀጥላለን።

ቤት ስገባ ሦስት ሴቶች ደጃፉ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። አክስቴ ሸኝተዋቸው ሲያበቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሰማኝ እኮ ባዬ» አሉ። «በስልሳ ሦስት ዓመቴ። እኔማ ድምፄ አይደርስም ብዬ ነበር።»

«ደረሰ እትዬ።»

«ለአንተም ልሳልልህ። ምን ይሁንልህ?»

ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። እሳቸው ላስዘጉት አፍ መከፈት እንዲሳሉልኝ ልለምናቸው ነው? «ግድ የለም፣ ይቆይ» አልሁ።

አሰናድቼው የነበረውን ጽሑፍ አጠፋሁት። የቆላው ጠያቂ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልለጠፈም፤ አይለጥፍምም። በማግሥቱ ግን ወንዝ ወርጄ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ለየትናየት ለብቻዋ ጻፍሁላት።

«የቆላው ጠያቂ ነኝ። ደህና ነኝ፣ እጄም አልደረቀም። ከእንግዲህ ገጹ ላይ አልጽፍም፤ ለአንዲት ሴት ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ብታውቂ አንቺም እንደኔ የምታደርጊ ይመስለኛል። ክርክራችን ግን እንዲቀር አልፈልግም። አስራ አራቱን ገጽ እዚህ ላኪልኝ። እያንዳንዱን አነባለሁ። ስታሸንፊኝም፣ ቃሌ ነው፣ ተሸነፍሁ እላለሁ።»

ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ነው የደነገጥሁት። አስራ አራት ገጽ መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት፤ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር፣ እሱም አጥሩ ጥግ አፈር አፈሩን ሲያይ የነበረው ነው።

ላጠፋው ስል ከሥሩ «ታይቷል» የሚል ወጣ።

በማግሥቱ ተማሪዎቿን ይዛ በደጃችን ስታልፍ ለአክስቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ፤ ከዚያ አንዱን ተማሪ «ሰልፍህን ያዝ!» ብላ ተቆጥታ አለፈች። አሁን ታኅሣሥ አልቋል፤ ሰሊጡ ተራግፎ ተጭኗል፤ የቀን ሠራተኞቹም ወደ ደጋ ወጥተዋል። በየሁለት ቀኑ ወንዝ እወርዳለሁ። መልእክቴ እዚያው አለ፤ ከሥሩ «ታይቷል» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።