ጎመን የሚጎትተው

እና እግሬን አላንቀሳቅስም፣ ጉልበቴ የፈለገውን ያህል ይጩህ፣ መሬት ወሬ አቀባይ ናት ብሎኛል ባሌ ወልደማርያም፣ አንድ ጊዜ ረገጥ ካደረግሽ አለቀ፣ ሰምቶሽ ወደ ጓዳው ይገባል፣ ስለዚህ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጫለሁ፣ አካፋው ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ ጉድጓዱ ከፊቴ አፉን ከፍቷል፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጓንት አድርጌ፣ የሰው ሽታ እንዳይነካው። አሁን ሦስት ሊሆን ነው። ይምጣ። ዛሬ የትም አልሄድም።

አስራ አንድ ጎመን ቀረኝ። ሰኔ ላይ ሃያ ስድስት ነበር። መጀመሪያ ሌባ መስሎኝ ስንቱን ሰው በሆዴ ጠረጠርኩ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ሳጠጣ አንዱ ጎመን ቆሞ ሳለ ዓይኔ እያየ ወደ ታች መስመጥ ጀመረ፣ ቅጠሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ከሥር የሚጎትተው አለ፣ በስመአብ ብዬ ባልዲውን ጥዬ አማተብኩ። የጎን ጎረቤቴ ጉኒላ ሳቀችብኝ። በስዊድንኛ ሶርክ ነው አለችኝ፣ የአይጥ ዘመድ፣ ከመሬት በታች መንገድ ቆፍሮ ሥር የሚበላ፣ ቀን አይል ሌት አይል፣ ክረምት እንኳ የማይተኛ። እኔም ሜርስታ ያለ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ስሠራ እንደዚያው ነበርኩ፣ ግን የሰው ጎመን አልጎተትኩም።

ይቺ ኮሎኒ የሚሏት ቁራሽ የአትክልት መሬት የባሌ ነበረች። ከሁስቢ ሰፈር ፎቆች ጀርባ፣ አጥሯ ወገቤ የማይደርስ፣ አውቶቡሱን አስረክቦ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እዚህ ነበር የሚመጣው፣ እኔ የአራት ኪሎ ልጅ፣ ጎመን ከጉሊት የሚበቅል የሚመስለኝ፣ ምን ይዞህ ነው በዚህ ብርድ አፈር የምትጭረው፣ አንተ ዶሮ፣ እለው ነበር። አሁን እኔ እጭራለሁ።

ዝንብ አፍንጫዬ ላይ። አላባርራትም።

ምግቡ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ። ስፖንጋ ያለው ቡኤንዴ፣ ወልደማርያም ያለበት ያ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ልጆችም ደጎች ናቸው፣ ድንቹን በነጭ ስጎ፣ ዓሣውን አጥንቱን አውጥተው ያቀርቡለታል፣ እሱ አፉን ይገጥማል። በስዊድንኛ ይለምኑታል፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳበትን ቋንቋ ረስቶታል። ስድስት ኪሎ ቀነሰ አሉኝ። ሐኪሟ በጠርሙስ የሚጠጣ ጣፋጭ ነገር አዘዘችለት፣ ተፋው፣ በዚህ ዓይነት ክረምቱን አይወጣም አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እጄን ይዛ፣ እጄን ስትይዝ ነው የደነገጥኩት። በማግሥቱ ከዚህች መሬት ጎመን ቀጥፌ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሠርቼ ወሰድኩለት። በላ። ሳህኑን በጣቱ ጠረገው። ከሱቅ ገዝቼም ሞክሬ ነበር፣ ያን የተጨማደደውን የነሱን ጎመን፣ አላምጦ አላምጦ አወጣውና፣ ጠጉር ነው አለኝ። ስለዚህ አስራ አንድ ጎመን ነው ያለኝ፣ ከባሌና ከሞት መካከል አስራ አንድ ጎመን፣ እና ይሄ ጥርሳም አሁን አሁን በቀን አንድ ይጎትታል።

ልጄ ቲና መርዝ ግዢ ትለኛለች፣ በስዊድንኛ፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ አባትሽ በሚበላው አፈር ላይ ነው መርዝ የምበትነው? ኦኬ እማ፣ ትለኛለች።

ያልሞከርኩት የለም። ጉኒላ የዓሣ ጭንቅላት ቅበሪ አለችኝ፣ ቀበርኩ፣ ሽታው እኔን አባረረኝ እንጂ እሱን ምንም አላለውም። ሚጥሚጣ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን፣ አንድ ብልቃጥ ሙሉ፣ ከነነፍሴ እየሳሳሁ ጉድጓዱ ውስጥ ነዛሁት፣ ነፋስ መለሰልኝ፣ ዓይኔን ይዤ ስጮህ እሱ ሁለት መደብ አልፎ ሌላ በር ከፈተ። ባለፈው ቅዳሜማ ደርሼበት ነበር፣ እዚሁ ተቀምጬ፣ ስልኬ ጮኸ፣ ብርቅአየሁ ናቸው፣ የማኅበራችን እናት፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ እንዴት አይነሳም፣ ካነሱስ በኋላ እንዴት ይቋረጣል፣ እንደምን አደርሽ አክበረት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ፣ ጉልበትዎ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ሜርስታ ብርዱ፣ ወልደማርያምስ፣ ጾሙን እንዴት ያዝሽው፣ አንዱን ስመልስ ሌላው ይመጣል፣ በዓይኔ አፈሩ ከውስጥ ሲገፋ እያየሁ፣ ደህና ናት ቲና እያልኩ፣ ጉድጓዱ ድርግም። ሰላምታ ሳይጨረስ በሩን ዘግቶብኝ ገባ። ዛሬ ስልኬን ቤት ትቼ መጥቻለሁ። ብርቅአየሁ ይቀየሙኝ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ጾም ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ነፍስ ላጠፋ ነው የተቀመጥኩት። ቄሱን ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ተዪ ቢሉኝስ።

ክፍት በር አይወድም ነው ያለኝ ወልደማርያም። ስሜን ረስቶታል። ስገባ እንግዳ መስዬው ብድግ ይላል፣ ይቀመጡ እመቤት፣ ቤተሰብ አለዎት፣ ይለኛል፣ አርባ አንድ ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው፣ እርስዎ። አንድ እሁድ ግን ከጎመኖቹ አንዱን ጥሬውን ይዤለት ሄድኩ፣ ሲያየው፣ ይሄ ደግሞ ከሥሩ የተበጠሰ ነው አለ፣ ፍልፈል ገብቷል እንዴ? ገብቷል አልኩት። ወንበሩን አስጠጋ። ዓይኑ ተገለጠ። ስሚ፣ አለኝ፣ በሩን ክፈቺበት፣ ብርድና ብርሃን ሲገባው ሊዘጋ ይመጣል፣ ከነፋሱ በታች ተቀመጪ፣ ጥላሽን አታሳርፊበት፣ መጀመሪያ ሲገፋ አትምቺ፣ አፈር ብቻ ነው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሁለተኛ ሲገፋ ራሱ ከአፈሩ ጋር ይመጣል፣ ያኔ ከኋላው ምቺ፣ መመለሻውን ቁረጪበት። ስሚ አለኝ፣ ክፈቺ አለኝ፣ ምቺ አለኝ፣ እኔ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ጎመኑን ባየ ቁጥር ይጠይቀኛል። ያ ፍልፈል ተያዘ? ገና ነው። አይዞሽ፣ ጠብቂው። ከሱ የቀረኝ ወሬ ይህ ነው፣ ሌላውን ሁሉ በሽታው ወስዶታል፣ ሠርጋችንን ወስዶታል፣ ቲናን ወስዷታል።

እና ብገድለውስ? ከገደልኩት በኋላ ምን ይጠይቀኛል? ተያዘ ወይ ይለኛል፣ ተያዘ እለዋለሁ፣ ነገሩ አለቀ፣ ይቀመጡ እመቤት ሊሆን ነው። ይሄን ያሰብኩት ዛሬ ነው፣ እዚሁ ባልዲ ላይ፣ አካፋ ይዤ፣ ምን ዓይነት ቀልደኛ ጭንቅላት ነው ያለኝ። ብተወውስ፣ ትንሽ ብተወው፣ ይኑር፣ በሳምንት አንድ ቢበላ… አይበላም በሳምንት አንድ። በሁለት ሳምንት ጎመን የለም። ጎመን ከሌለ ጥያቄም የለም፣ እሱም የለም። እረፊ አክበረት።

ቆይ።

አፈሩ። ከግራ በኩል፣ ብናኝ፣ ከዚያ ጓል፣ ገፋ። የመጀመሪያው ነው፣ አትምቺ፣ አልመታም፣ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ከወዲያ በኩል ጉኒላ በሯን ከፈተች፣ ልትጠራኝ ነው፣ እመብርሃን አፏን ያዢልኝ፣ ጉኒላ አየችኝ፣ አካፋውንም አየች፣ ባለችበት ደርቃ ቆመች። ሁለተኛው፣ ትልቅ ጓል፣ ከጓሉ ኋላ አፍንጫ፣ ቡናማ፣ እርጥብ፣ ሹል ሳይሆን ደልደል ያለ፣ ከኋላው፣ ከኋላው፣ መታሁ። በሙሉ ኃይሌ። አካፋው እስከ እጀታው ገባ።

አወጣሁት። ይቺን ታህል? መዳፌን አይሞላም። ጥርሱ ቢጫ፣ አፉ ውስጥ የጎመን ሥር አለ። አሳዘነኝ፣ አልዋሽም። ግን እንደገና ቢመጣ እንደገና እመታዋለሁ።

ነገ እሁድ ነው። ሁለት ጎመን እቀጥፋለሁ፣ በትልቁ ሰሃን፣ ሲያየው ይጠይቀኛል፣ ተያዘ? ተያዘ እለዋለሁ። ከኋላው መታሽው? ከኋላው። ጎበዝ፣ ይለኛል፣ ጎበዝ አንቺ፣ ደስ ብሎት ይበላል። ከዚያ ይረሳዋል። ይርሳው! ለምን አላሰብኩትም እስካሁን፣ ይረሳዋል እኮ፣ በሚቀጥለው እሁድ ጎመኑን ሲያይ እንደገና ይጠይቀኛል፣ እኔም ትናንት ገደልኩት እለዋለሁ፣ እንደ አዲስ ደስ ይለዋል፣ የዚያን ቀጣይም፣ ጎመኑ እስካለ ድረስ፣ እሱ እስካለ ድረስ፣ አልሰለችም፣ በየእሁዱ እገድልለታለሁ።