ቀይ ክር፣ ነጭ ክር

ሰርካለም የዶሮ አንጀት ስትመረምር ዘጠኝ ዓመት ሞላት። «ተምራ ተምራ ሰው የሚደፋውን ለማኝ ሆነች» እያሉ ዘመዶቿ ቢቀልዱባትም አትቀየምም ነበር። የመንዝ ዶሮ ሆድ ውስጥ ያለውን ትልና ተውሳክ ከእሷ አብልጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ካለም ያስተማሯት ዶክተር ወዳጆ ናቸው። ማይክሮስኮፕ ያሳዩዋት እሳቸው፣ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ውስጥ ያስቀጠሯት እሳቸው፣ በመጨረሻም ወንድ ልጇን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ነበሩ።

ሥራዋ ከጾም ጋር የታሰረ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ዶሮ የሚያርድ የለም፤ የሰርካለም ጠርሙሶችም አብረው ይጾማሉ። በበዓል ዋዜማ ግን ጠርሙስ አይበቃትም። አንጀቱን ሞላሌ አጠገብ የሚሰበስቡላት የቄስ ገብረ አማኑኤል ባለቤት፣ እማማ የትምወርቅ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ከአሥራ ሁለት ጎረቤት እየዞሩ ይቀበሉና እያንዳንዱን አንጀት በክር ያስሩታል፤ የሀበሻ ዶሮ ከሆነ በቀይ፣ በመንግሥት የልማት ፓኬጅ የታደለው የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ በነጭ። የየቤቱ መለያ ደግሞ የቋጠሮው ብዛት ነው። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ዘዴው ከእሳቸው ቤት ተነሥቶ እስከ ዘመሮና ራቤል ከተሞች ድረስ ሄደ።

በ1998 ክረምት የመንደሩ ዶሮ ደም እያስቀመጠው ይሞት ጀመር። የልማት ሠራተኛው «የሀበሻው ዶሮ ነው የሚያስተላልፈው፣ መወገድ አለበት» ይል ጀመር። ሰርካለም የእንቁጣጣሹንና የገናውን አንጀት አንድ በአንድ አየች። ተውሳኩ አስቀድሞ የታየው በነጩ ክር ነው። ከማራቢያው ይዘውት የመጡት የታደሉት ዶሮዎች ናቸው።

በገና ማግስት ሮጣ ለእማማ የትምወርቅ ነገረቻቸው። «የእናንተ ዶሮ ጥፋት የለበትም። በጉባኤ ፊት አስነግርልዎታለሁ።»

«ተባረኪ ልጄ። አውራው ከሄደ ቄሱን ለኪዳን ማን ይቀሰቅስልኛል?» አሉ እየሳቁ።

ጥር ላይ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ውጤቱን ከሰርካለም ተቀብለው ሪፖርቱን ያነበቡት ዶክተር ወዳጆ ነበሩ። «የበሽታው ምንጭ የአገሬው ዶሮ ነው፤ ይወገድና በተሻሻለው ይተካ።»

ሰርካለም ወረቀቱን ገለጠች። ሰንጠረዡ የእሷ ነው፣ ቁጥሩም የእሷ ነው፤ ርእሶቹ ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረስ እንኳ ሲጥል ሰንጠረዥ አያቀርብም።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ቀዩን ነጭ አደረጉት እኮ!» አለች።

«ዝም በይ፣ አበልጄ። ዶሮውን ያደለው መንግሥት ነው። ፀረ ልማት ተብለሽ ግምገማ ላይ እንዳትወድቂ። ደግሞ የትምህርት ዕድልሽ ደብዳቤ ፊርማዬን እየጠበቀ ነው።»

ከሁሉ በላይ ያቃጠላት «አበልጄ» ማለታቸው ነው። ልጇን አቅፈው ከቤተ ክርስቲያን የወጡበት ቀን ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

እማማ የትምወርቅ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ሰርክዬ፣ ልጄ፣ ያሰርኩት ክር እንዲህ ነው ያለው?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሰርካለም ዶክተር ወዳጆን አየች፣ ጫማዋን አየች።

«እማማ... ጥናቱ ገና አላለቀም» አለች።

እማማ የትምወርቅ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

በሳምንቱ ገብስማውም ቀዩም፣ አውራውም ሳይቀር እግሩ ታስሮ ሞላሌ ገበያ ወጣ። በምትኩ ነጩ የፈረንጅ ዶሮ ገባ፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ደም እያስቀመጠው አለቀ። የዶክተር ወዳጆም ፊርማ ደብዳቤው ላይ አረፈ፤ ደብዳቤው ግን በእህታቸው ልጅ ስም የወጣ ነበር። ሰርካለም ያን ቀን በሯን ዘግታ አለቀሰች። «ተሸጬ ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ እኔን ግን በነጻ ነው የሰጡኝ» ስትል ከረመች።

የፋሲካ ቅዳሜ እንደ ልማዷ ጠርሙሶቿን ይዛ ሞላሌ ሄደች። ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላ መንገዱን ሁሉ ቃል ስታሰናዳ ነበር። እማማ የትምወርቅ ደጃፍ ላይ አገኟት። «ግቢ» አላሏትም።

«ዘንድሮ ሁለት ነጭ ተርፎ ታረደ። አንጀቱን ለውሻው ሰጠሁት» አሉ።

«ለምን እማማ?»

«ውሻ ያበላውን አይክድም።»

ከመቀነታቸው አንድ ጥቅል ፈተው እጇ ላይ አኖሩላትና ወደ ቤት ገቡ። ሰርካለም ጥቅሉን ፈታችው። አሥራ ሁለት ክር ነው፣ ሁሉም ቀይ። ለፋሲካው የሀበሻ ዶሮ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ለየቤቱ ተቋጥሮ ተዘጋጅቷል። እማማ የትምወርቅ የቋጠሩት በገና ማግስት፣ «በጉባኤ ፊት አስነግርልዎታለሁ» ባለቻቸው ቀን ነበር።