ስምንቱም ክፍል

በትውልድ አገሯ በመካነ ብርሃን የታመመ ሁሉ የወለላ ዘመድ ነው። ጎንደር ሆስፒታል የተላከ በሽተኛ ከነአስታማሚው፣ ድንችና ቆሎውን ቋጥሮ፣ በቀጥታ እሷ ፔንሲዮን ይመጣል። ይገባል፣ ይሰነብታል፣ መርቋት ይሄዳል። ዘመድ በምን አፍ ኪራይ ይጠየቃል? ከፋዩ እንግዳ ግን "አልጋ የለም" እየተባለ ከበር ይመለሳል። እንዲህ ስትል ስትል የቤቱን ኪራይ መክፈል አቅቷት አከራዩ ልቀቂልኝ ማለት ጀመረ።

ያን ሰሞን አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሠራተኞቹን የሚያሳድርበት ቤት ይፈልግ ነበር። የተላከው ሰው ስምንቱንም ክፍል ለዓመት ሊይዝ መጣ።

"ነገ አይቼ እፈርማለሁ። ሰው ያለበትን ቤት ግን አልወስድም" አላት።

ይህ ካመለጣት ፔንሲዮኑ መዘጋቱ ነው። ዘመዶቿን አንድ በአንድ አባብላ ሸኘች። የቀሩት አያ አወቀ፣ የእናቷ ወንድም፣ ብቻ ናቸው። ሥራውን ስትጀምር በሬያቸውን ሽጠው አልጋ የገዙላት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ከሆስፒታል የወጡት ገና ትናንት ነው።

"አያ፣ ቤቱን የሚያይ እንግዳ ይመጣብኛል። ለጥቂት ቀን ቁስቋም፣ ምስጢር ዘንድ ቢሰነብቱስ?" አለች መሬት መሬት እያየች። ምስጢር የአክስቷ ልጅ ናት።

"ሸጋ ነው ልጄ። ምነው ታዲያ እንዲህ ትጨነቂያለሽ?"

ጋቢያቸውን ተከናንበው ተነሡ። ላድርስዎት ብትላቸው "እንግዳሽን ጠብቂ" ብለዋት ብቻቸውን ወጡ።

ሰውየው መጣ፣ አየ፣ ፈረመ። ወለላ ደስታዋን ለአጎቷ ልትነግር ምስጢር ጋ ብትደውል፣ አያ አወቀ ጭራሽ እዚያ አልደረሱም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወጣች። በየፔንሲዮኑ ስትጠይቅ ቆይታ፣ ከእሷ ቤት ብዙም ሳይርቅ ይመኙሽ የምትባል ሴት ፔንሲዮን አገኘቻቸው። አንድ ዓይናቸው ታሽጎ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"ምስኪን ሽማግሌ" አለቻት ይመኙሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ዘመድ የለዎትም ወይ ብላቸው፣ ጎንደር ላይ ማንም የለኝም አሉኝ። ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?"

ወለላ ክው አለች። አጎቴ ናቸው ልትል አፏን ስትከፍት አያ አወቀ ቀደሟት። በደህናው ዓይናቸው ትክ ብለው እያዩዋት፣

"ተሳስተው ይሆናል እመቤቴ" አሏት። "እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ይልቅ እየመሸ ነው፣ ቤትዎ ይግቡ።"

ገመናዋን እየሸፈኑላት እንደሆነ ገብቷታል። አንቱ ከሚሏት ግን ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።