የመከታ መርዶ

እኔ ውሻ አልወድም። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ውሻ ሊወድ አይችልም። ዱቄት ይልሳሉ፣ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው እግር ሥር ይርመሰመሳሉ፣ ባለቤቱን ብትናገረው ደግሞ ልጁን የሰደብህበት ይመስል ያኮርፍሃል። ስለዚህ ባለፈው ጥር የእህቴ ባል መንግሥቴ ከጋዝጊብላ ደውሎ ውሻው መሞቱን ሲነግረኝ ወፍጮውን እንኳ አላጠፋሁም። «እግዜር ያጽናህ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለውሻ ይባላል እንዴ? መንግሥቴም ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ወፍጮውን አጠፋሁት። ለካ እያለቀሰ ኖሯል።

ይህ ሰው እህቴ ወለተ ሰንበት የሞተች ዕለት እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የቆመው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ድንኳኑ እንዳይወድቅ ካስማ ሲያጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው ዓይናዲስ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ነበረች። እሱ እርሻውና ፍየሎቹ አሉበት፤ ልጅቱን ቤት ውስጥ ለብቻዋ ትቶ መዋል አንጀቱ አልቻለም። አንድ ቀን ጽጽቃ ካለ ዘመዱ ቤት አንድ ቡችላ በጋቢው አቅፎ አመጣና እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ስሙንም መከታ አለው።

ውሻው እንደ ስሙ ሆነ። ልጅቱ ውኃ ስትወርድ ይከተላታል፤ ስትተኛ በሩ ላይ ይጋደማል። እንጀራዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለእሱ ነው። እንግዳ ከመጣ ቀድሞ እሱ ሳያሸተው ማንም ደጃፏን አያልፍም። መንግሥቴ የሚያናግረው በኽምጣና ብቻ ስለሆነ ውሻው አማርኛ የሚባል አያውቅም። ልጠይቃቸው ስሄድ «ውጣ!» ስለው አቤቱታ እንደሚሰማ ዳኛ ረጋ ብሎ ያየኛል እንጂ ንቅንቅ አይልም። በኽምጣና ስለው ብቻ ነው የሚነሣው። እኔም የእናቴ ቋንቋ ሆኖብኝ ነው እንጂ ለውሻ ብዬ ቋንቋ የምቀይር ሰው አይደለሁም።

ነገር የተበላሸው ዓይናዲስ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ነው። ከሰሃላ አንድ ባለ ብዙ ፍየል ሰው ጠየቃት፤ መንግሥቴም ሳያማክራት ቃሉን ሰጠ። እሷ አላገባም አለች። እሱ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ልጅ ያልነበረው መሆን አለበት። እሷም በማግሥቱ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በእግሯ እኔ ወዳለሁበት ወደ ሰቆጣ ወረደች። መከታ እስከ ወንዙ ሸኝቷት እዚያው ቆሞ ቀረ። እኔም ተቀበልኋትና ጎረቤቴ እማዋይሽ ዘንድ አንድ ክፍል ተከራየንላት፤ ልብስ ስፌት ተምራ ያዘች። መንግሥቴ «ልጅ የለኝም» ብሎ አስወራ። እሷም አባቷን በስሙም በሌላም አንሥታ አታውቅም።

ያስታረቃቸው፣ ታርቀዋል ከተባለ፣ ውሻው ነው። በአንድ ገበያ ቀን መንግሥቴ ፍየል ሊሸጥ ሰቆጣ መጣ፤ መከታም ተከትሎት ኖሮ ገበያው መሀል ጠፋበት። ሲፈልገው ሲፈልገው ከአንድ የስፌት መኪና ሥር ተጋድሞ አገኘው። መኪናው ላይ የተቀመጠችው ዓይናዲስ ናት። ሁለቱ ተያዩ። እሱ «እህል አልቀምስ ብሎኝ ነው የከረመ» አላት። እሷ «ምን እያበሉት ነው እንዲህ የከሳው?» አለችው። ለዚያ ቀን ይኸው ነው የተነጋገሩት።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ማምሻ መንግሥቴ መከታን አስከትሎ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ይወጣና ይደውላል። እሷ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጣ ስለምታወራ ሰምቻቸዋለሁ።

«መከታ እንዴት ነሽ ይልሻል» ይላል አባት።

«ደህና ነኝ በሉት።»

«ብርዱ አልጎዳትም ወይ ይላል።»

«ጋቢ ገዝቻለሁ በሉት። እሱስ እግሩን ተሻለው?»

እንዲህ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አንድም ቀን ከእሷ አፍ «አባዬ»፣ ከእሱ አፍ «ልጄ» ሲወጣ አልሰማሁም። ያ ምስኪን ውሻ የሁለት እልኸኛ ሰዎችን ናፍቆት ተሸክሞ ሲመላለስ ኖረ። ዱቄት የሚልስ ውሻ ይህን መሥራቱን ሳስብ ስለ ውሾች የተናገርሁትን በከፊል አነሣለሁ።

እንግዲህ ወደ ስልኩ ልመለስ። መንግሥቴ ለቅሶው ሲበርድለት ነገረኝ። መከታ ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል፤ ዓይኑም ፈዞ ነበር። ሰሞኑን ፍርፍሩን በውኃ አርሶ በእጁ ነው ሲያጎርሰው የከረመው። ጠዋት ሲነሣ በሩ ላይ እንደተጋደመ አገኘው፤ ሳይሰቃይ ነው የሄደው። ጎረቤቶቹ «ገደል ጣለው፣ ጅብ ያነሣዋል» አሉት፤ እሱ ግን ከወይራው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሳቁበት። «ይሳቁ» አለኝ፤ «የእኔን ቤት የጠበቀልኝ እሱ ነው፣ እነሱ አይደሉም።»

ቀጥሎ ስሜን ጠራኝ። «የሻምበል» አለኝ፣ «እንግዲህ ምን ብዬ ነው የምደውልላት?»

እሱም በስልክ እንደማይነግራት፣ እንደማይችል፣ ሰምታ ስልኩን የዘጋችው እንደሆን ያ የመጨረሻው እንደሚሆን ነገረኝ። እኔ በአካል ሄጄ፣ እንደ ወጉ እንዳረዳት ለመነኝ። እሺ አልሁ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እኔ አንድ ነገር እንደ ወጉ አድርግ ከተባልሁ እንደ ወጉ ነው የማደርገው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። ለብቻ አይኬድም። ሲወድቅ የምትደግፍ ጉልበታም ሴት ታስፈልጋለች፤ አነጋገር የሚያውቅ ሽማግሌም ያስፈልጋል። እማዋይሽን ነገርኋት፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ የመንግሥቴን ለቅሶ ስነግራት እሺ አለች። ከዚያ ወደ አያ ካሤ ሄድሁ። በሰፈራችን መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም።

«ለውሻ?» አሉኝ።

«ለውሻ።»

«ዕድሜው እንዴት ነው?»

«አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«ለውሻ ሽማግሌ ነው፤ ይገባዋል» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ሦስታችን በሯ ላይ ቆምን። እማዋይሽ የእጅ ልማድ ሆኖባት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤአለሁ። አያ ካሤ በከዘራቸው ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። የሦስታችን ዕድሜ ቢደመር ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋል፤ ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዘን እሷ በሩን ስትከፍት ምን እንደምታይ ያሰበ አንድም ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ዓይናዲስ መፋቂያዋን እንደያዘች ከፈተች። እኔን አየች፤ የእማዋይሽን ነጠላ አየች፤ አያ ካሤን አየች። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ልጄ፣ አባትሽ ...» ብዬ ጀመርሁ። «አባትሽ ልኮን ነው» ልላት ነበር። አላስጨረሰችኝም።

«አባዬን!» ብላ ጮኸች። «አባዬን! አባዬን!»

እማዋይሽ ባትይዛት ከድንጋዩ ላይ ትወድቅ ነበር። እኔ «አይደለም! እሱ አይደለም!» እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ። ጎረቤቱ በየበሩ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ደረሱ። አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። አንዲት ሴት የራሷን አባት አስታውሳ ከዓይናዲስ በላይ ታለቅሳለች። «ውሻው ነው የሞተው!» ስል አንዱ ክንዴን ይዞ «አይዞህ፣ ኀዘን ያስለፈልፋል» አለኝ።

በመጨረሻ እማዋይሽ የዓይናዲስን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና «ልጄ፣ መከታ ነው የሞተው፤ መከታ» አለቻት።

ዓይናዲስ የእማዋይሽን እጅ ያዘች። «አባዬስ?»

«አባትሽ ደህና ነው። ትናንት ደውሎልኛል» አልኋት።

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «ተመስገን» ትላለች፤ መልሳ «መከታዬን» ትላለች። ምስጋናና ለቅሶ ካንድ አፍ እየተቀባበሉ ሲወጡ ያን ዕለት ነው ያየሁ። እኔም፣ ለምን እደብቃለሁ፣ አለቀስሁ። ለውሻው ይሁን ለእሷ ለይቼ አላውቅም።

ጎረቤቱ ነገሩን ሲረዳ መሄጃም መቀመጫም አጣ። አንዷ ሰው ሁሉ እየሰማ ዕብድ አለችኝ፤ ሐሰት ነው አልልም። አያ ካሤ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «መጥተናል፤ የሞተም አለ፤ እንቀመጥ» አሉ። እሳቸው ከተቀመጡ ማን ይሄዳል? እማዋይሽ ሻይና ቂጣ አቀረበች። አንዱ ሸጦት ሲያለቅስ የኖረውን በሬ አነሣ፤ ሌላዋ በድርቁ ዓመት ልጆቿን በወተቷ ያቆየችላትን ፍየል አነሣች። ዓይናዲስ ጉልበቷን አቅፋ ስትሰማ ቆይታ «እናቴ ከሞተች በኋላ እዚያ ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ብቻዬን ውዬ አላውቅም። በእሱ ነው። እግዜር ይስጠው» አለች። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። ለውሻ አሜን ሲባል መቼም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ አባቷ ደወለች። አይገኝም። ጉብታው ላይ ካልወጣ በቀር እንደማይገኝ እያወቀች ደጋግማ ደወለች። ቀና ብላ አየችኝና እሄዳለሁ አለችኝ፤ አባቷን ለቅሶ ልትደርስ። ወፍጮውን ዘጋሁና አብሬያት ወጣሁ። መኪናው እስከሚያደርሰን ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ፣ መከታ ያን ጊዜ ቆሞ ከቀረበት ቦታ፣ ትንሽ ቆማ አለፈች።

መንግሥቴ ከወይራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አፈሩ ገና አዲስ ነው፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይና እሾህ ከምሮበታል። ማን እየመጣ እንደሆነ የሚነግረው ጩኸት ስለሌለ ቀርበን እስክንቆም አላወቀንም። ሲያያት ተነሣ። እሷም ቆመች። አሁን መካከላቸው ሆኖ የሚያወራላቸው የለም። እኔ ልናገር ምላሴ ተቁነጥንጦ ነበር፤ በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ ያዝሁት።

«እግዜር ያጽናዎ» አለች።

«አንቺንም ያጽናሽ» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «በወጉ ነገርሃት?»

እኔ ሳልመልስ እሷ ቀደመችኝ። «በወጉ ነው የነገሩኝ። ሲመጡብኝ እርስዎ የሞቱ መስሎኝ ጮኽሁ።»

«ጮኽሽ?»

«ጮኽሁ።»

መንግሥቴ ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ተመስገን» አለ። ዓይናዲስ ሄዳ ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም በሁለት እጁ አነሣት። የሰሃላው ሰውዬ ነገር አልተነሣም። እሱም ካገባና ከወለደ ቆይቷል፤ ፍየሎቹ ግን ቀንሰዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ማታ ሽሮ ቀርቦልን ስንበላ መንግሥቴ ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ረሳው። የመርዶውን ነገር ንገረኝ አለኝ፤ ነገርሁት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ንገረኝ አለ፤ ደግሜ ነገርሁት። ዓይናዲስ አፍራ ወጥ ልትጨምር ተነሣች። እኔም እጄን ልታጠብ ስወጣ ከወይራው ሥር ካለው ክምር ላይ አንድ ጥሩ ድንጋይ ጨመርሁና በኽምጣና አመሰገንሁት፤ አማርኛ አያውቅምና። ስመለስ መንግሥቴ ያው እንዳለ ነው።

«የሻምበል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ብላ ነው ያልኸኝ የጮኸችው?»

«አባዬን ብላ።»

«ጮክ ብላ?»

«ሰቆጣ በሙሉ ሰምቷታል» አልሁት። ትንሽ ጨምሬበታለሁ፤ ግን ለቅሶ ቤት ነው፣ ይፈቀዳል።